ከጦርነቱ በኋላ በብሪታንያ የእናቶችና የሕፃናት ጤና አገልግሎት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ጦርነቱ» ስንል ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነው።

አገልግሎቱ ምን ነበር? የሚያቀርበውስ ማን ነበር?

ከሆስፒታል ውጭ ለእናትና ለሕፃን የሚደረገው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል። የእርግዝና ክትትል አለ፣ ቤት መጥታ የምታዋልድ አዋላጅ አለች፣ ከዚያ በኋላ ሕፃኑን የምትጎበኝ ነርስ አለች። የሕፃናት ክሊኒክ፣ ክትባት፣ ለአራስ የቤት ረዳት፣ የነፍሰ ጡርና የሕፃን ጥርስ ሕክምናም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ኃላፊነቱ የአካባቢው ካውንስል ነበር። ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ (ኤንኤችኤስ) ጁላይ 5 ቀን 1948 ሥራ ሲጀምር ሕጉ ነገሩን ለሦስት ከፈለው። ሆስፒታሎቹ በክልል ቦርዶች ሥር ሆኑ። የሰፈር ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ፋርማሲዎች በሌላ ምክር ቤት በኩል ውል ያዙ። የእናትና የሕፃን የሰፈር ሥራ ደግሞ ለካውንቲዎችና ለትላልቅ ከተሞች ካውንስሎች ቀረ። በእያንዳንዱ ካውንስል ላይ አንድ የጤና ሹም ነበር። ሐኪም ነው፤ በየዓመቱ ስንት ሕፃን እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተ፣ ክሊኒኮቹ ምን እንደሠሩ ሪፖርት ያወጣል። ስለዚያ ዘመን ዛሬ የምናውቀው ብዙው ነገር የሚገኘው ከእነዚህ ሪፖርቶች ነው።

ሁሉም ነገር የተጀመረው በ1948 ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ኤንኤችኤስ ሁሉን ከዜሮ የጀመረ ይመስለዋል። የቤት ለቤት ጉብኝቱ ሥር የሚገኘው በ1862 በማንቸስተርና በሳልፎርድ ሴቶች በጀመሩት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። አዋላጅነት በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ የተመዘገበ ሙያ የሆነው በ1902 ነው። በ1918 ለካውንስሎች የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ የማቋቋም ሥልጣን ተሰጠ። በ1936 ደግሞ በደመወዝ የሚሠሩ አዋላጆችን እንዲያዘጋጁ ግዴታ ሆነባቸው።

በ1948 የተለወጠው ክፍያው ነው። ከዚያ በፊት ለአዋላጅ ይከፈል ነበር፤ ሐኪም ሲጠራማ ወጪው ብዙ ቤተሰብ ያስጨንቅ ነበር። ስለዚህ ሴቶች ሐኪም ማስጠራቱን እስከ መጨረሻው ያዘገዩት ነበር። ከጁላይ 1948 በኋላ ያ ፍርሃት ቀረ። የጤና ሚኒስትሩ አናይሪን ቤቫን ብዙ የሚወደሱበት ምክንያት አላቸው። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ በምጥ ላይ ያለች ሴት ሐኪም ከማስጠራቷ በፊት ገንዘብ መቁጠር አላስፈለጋትም።

ነፍሰ ጡር ሴት ምን ታገኝ ነበር?

ከምግቡ እንጀምር፤ አገሪቱ እስከ 1954 ድረስ በራሽን ነበረች። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ ሲረጋገጥ አረንጓዴ የራሽን ደብተር ይሰጣታል። ይህ ደብተር በቀን አንድ ፓይንት (ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ) ወተት፣ ተጨማሪ እንቁላል፣ ፍራፍሬ ሲገኝ ደግሞ ቅድሚያ ያስገኝላታል። ወተቱ በጦርነቱ ጊዜ፣ በ1940 የተጀመረ ነው። በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ አቅም ለሌላት በነፃ ነው። ቀጥሎ የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ጉበት ዘይት መጡ፤ ለሕፃናቱ ደግሞ በመንግሥት ስም በቆርቆሮ የሚታደል የዱቄት ወተት ነበረ። ከ1954 ጀምሮ ዕደላውን ካውንስሎቹ ተረከቡት፤ እናቶች ወደ ክሊኒኩ ሲመጡ እግረ መንገዳቸውን ይወስዱት ጀመር። ጭማቂው ይወደድ ነበር። የጉበት ዘይቱን ግን ብዙ እናት ሳትወስደው ትሄድ ነበር፤ ሽታውን የሚያውቅ ሰው አይፈርድባትም።

ከምግቡ ሌላ የእርግዝና ክትትል አለ፦ የደም ግፊት፣ የሽንት ምርመራ፣ የክብደት ልኬት፣ የደም ምርመራ። ከናሽናል ኢንሹራንስ (ሠራተኞች መዋጮ ከሚከፍሉበት የመንግሥት መድን) የወሊድ ድጎማ ይከፈላታል። ከ1946 ጀምሮ ከሁለተኛው ልጅ አንስቶ ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 5 ሺሊንግ የቤተሰብ አበል ነበረ። አበሉ በፖስታ ቤት የሚከፈለው ለእናትየው ነው። የፓርላማ አባሏ ኤሊኖር ራትቦን ለአበሉ ለረጅም ዓመታት ታግላለች፤ ገንዘቡም በእናት እጅ እንዲገባ እስከ መጨረሻው ተከራክራ አስወስናለች። አበሉ መከፈል ሳይጀምር በዚያው ዓመት መጀመሪያ ሞተች።

ሴቶች የሚወልዱት ቤት ነበር ወይስ ሆስፒታል?

ሁለቱም ነበር። ከጦርነቱ ማግሥት ከግማሽ ትንሽ ያነሱት ሕፃናት ቤት ውስጥ ይወለዱ ነበር። በ1960 አካባቢ ቁጥሩ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። በ1959 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ ከመቶ 70ው ወሊድ ሆስፒታል እንዲሆን መከረ፤ በ1970 ሌላ ኮሚቴ ሁሉም ሆስፒታል ይሁን አለ። ቤት መውለድ እየቀረ የሄደው እንዲህ ነው።

የቤት ወሊዱ ዝግጅት ቀድሞ ይጀምራል። አዋላጇ ከቀኑ በፊት መጥታ ክፍሉን ታያለች። ውሃ የት ይፈላል? መብራቱ በቂ ነው? ሌሎቹ ልጆች የት ያድራሉ? ካውንስሉ ጥጥ፣ ፋሻና የእትብት መሸፈኛ ያለበት የታሸገ ጥቅል በነፃ ይልካል፤ ጥቅሉ እስከ ቀኑ ድረስ ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል። ምጡ ሲጀምር ባልየው ወይም ጎረቤት ስልክ ወዳለበት ይሮጣል። አዋላጇ ጥቁር ቦርሳዋን ይዛ በብስክሌት፣ በኋላ ኋላ ደግሞ በመኪና ትደርሳለች። ፍራሹ ላይ ጋዜጣና ወፍራም ወረቀት ይነጠፋል። ሕፃኑ ሲወለድ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእጅ በምትያዝ የስፕሪንግ ሚዛን መንጠቆ ላይ ይንጠለጠልና ይመዘናል። አዋላጇ የፓውንዱን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ ቤተሰቡም ከደጅ ሆኖ ይሰማል።

ሥራዋ በዚያ አያበቃም። ደንቡ በአራስነቱ 14 ቀን እናቲቱንና ሕፃኑን እንድትከታተል ያስገድዳታል። ሙቀት ትለካለች፣ እትብት ታያለች፣ ጡት ማጥባቱ እንዴት እንደሆነ ትጠይቃለች።

ለምጡ ማስታገሻ ነበር?

ነበር፤ ግን ለሁሉም አልደረሰም። በ1930ዎቹ የሊቨርፑሉ ሐኪም ሮበርት ሚኒት ሕመም የሚያስታግስ ጋዝና አየር ቀላቅሎ የሚሰጥ መሣሪያ ሠራ። በ1936 አዋላጆች ሐኪም ሳይኖር እንዲጠቀሙበት ተፈቀደ። እናቲቱ ጭምብሉን ራሷ ይዛ ምጡ ሲመጣ ትስባለች፤ እጇ ሲዝል ጭምብሉ ይወርዳል፣ በዚህም ከመጠን በላይ አትወስድም።

ችግሩ ወዲህ ነው። መሣሪያው ከባድ ነው፤ በብስክሌት ይዞ መሄድ አይታሰብም። አዋላጇ ለዚህ መሠልጠን አለባት። ደንቡ ከእሷ ሌላ አንድ ሰው አጠገብ እንዲኖር ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ከጦርነቱ ማግሥት ቤት ከሚወልዱት ማስታገሻ ያገኙት ጥቂቶቹ ነበሩ። በ1949 እያንዳንዷ ወላድ ማስታገሻ የማግኘት መብት እንዲኖራት ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ ቀርቦ ወደቀ። በ1950ዎቹ ፔቲዲንና ሌሎች መድኃኒቶች በአዋላጆች ቦርሳ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ተሻሻለ። መድኃኒቱ እያለ በመኪናና በሥልጠና እጦት ብቻ ያን ያህል ሴት መሰቃየቷ ያሳዝናል።

ቤት ውስጥ ነገሩ ቢበላሽስ?

አዋላጇ የሰፈሩን ሐኪም ትጠራለች። ደም መፍሰሱ ካልቆመ ወይም እንግዴ ልጁ ካልወጣ ከሆስፒታል ድንገተኛ ቡድን ይጠራል። ሐኪም፣ አዋላጅና ደም የያዘ አምቡላንስ ወደ ቤቱ ይመጣል። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ቡድን በ1933 በስኮትላንድ በቤልስሂል ተቋቋመ፤ ኒውካስል በ1935 ተከተለ። ብዙ ሴት የራሷ መኝታ ክፍል ውስጥ ደም ተሰጥቷት ተርፋለች።

ሄልዝ ቪዚተር ማን ናት? እምቢ ማለት ይቻል ነበር?

ነርስ ናት፤ በዚያ ላይ የአዋላጅነት ሥልጠና ወስዳ ለዚህ ሥራ የተለየ ምስክር ወረቀት ያገኘች። ሕፃን በተወለደ በ36 ሰዓት ውስጥ ለጤና ሹሙ ማስታወቅ የሕግ ግዴታ ነበር። ማስታወቂያው ሲደርስ የሕፃኑ ስም በሰፈሯ ሄልዝ ቪዚተር መዝገብ ውስጥ ይገባል። አዋላጇ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስትሰናበት እሷ በሩን ታንኳኳለች። ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው እየተመላለሰች ታያለች። መድኃኒት አታዝም። ትመክራለች፣ ታያለች፣ ያሳሰባትን ነገር ለሐኪም ታሳውቃለች።

እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ቤት የመግባት ሕጋዊ መብት አልነበራትም፤ የምትገባው ከተፈቀደላት ብቻ ነው። አንዳንድ እናት «ልትሰልለኝ ነው የመጣችው» ትል ነበር። ሌላዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻዋን ስለምትውል መምጫዋን ትናፍቅ ነበር። ብዙው የሚወሰነው በሴትዮዋ አቀራረብ ነው። ልምድ ያላት ገብታ ስለ ቤቱ አቧራ አትናገርም፤ መጀመሪያ ልጁን ታቅፋለች።

ምን ያህል ታምነው እንደነበር አንድ ነገር ያሳያል። በማርች 1946 በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለተወለዱ ሕፃናት አገር አቀፍ ጥናት ተደረገ። ከልጆቹ እናቶች 13,687ቱን በየቤታቸው ሄደው ያነጋገሯቸው ሄልዝ ቪዚተሮች ነበሩ። ማስታገሻ አግኝታችኋል? ማን አዋለዳችሁ? ለሕፃኑ ልብስና ጋሪ ስንት አወጣችሁ? እናቶቹ በራቸውን ከፍተው መለሱ። ከእነዚያ ሕፃናት ከ5,000 የሚበልጡት ከዚያ በኋላም በጥናቱ ክትትል ሥር ኖረዋል።

የሕፃናት ክሊኒኩ ምን ይመስል ነበር?

የራሱ ሕንፃ ያለው ነበር፤ ብዙው ግን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይከፈታል። ደጅ ላይ የሕፃን ጋሪዎች ተደርድረዋል። ውስጥ ሕፃናቱ ልብሳቸውን አውልቀው በተራ ይመዘናሉ፤ ክብደቱ በካርዱ ላይ ይጻፋል። አንድ ጥግ ላይ የበጎ ፈቃድ ሴቶች ሻይ ይቀዳሉ፣ የዱቄት ወተትና ጭማቂ ይሰጣሉ። ሐኪም ያለበት ቀን ልጁ ይመረመራል፣ ይከተባል። የታመመ ልጅ ግን ወደ ሰፈር ሐኪሙ ይላካል፤ ክሊኒኩ የጤነኛ ልጅ ቦታ ነው።

የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ ጥሩ ነበር ማለት አይቻልም። «በየአራት ሰዓቱ ብቻ አጥቢ፣ ሲያለቅስ አታንሺው» የሚለው ትምህርት ገና ጠንካራ ነበር። በ1950ዎቹ የእናትና የልጅ ቁርኝት ጥናቶች ሲሰሙ ቀስ በቀስ ለዘበ። ከልክ በላይ ማሰብም ጉዳት አመጣ። የዱቄት ወተቱ ላይ ቫይታሚን ዲ ተጨምሯል፣ ሌላው የሕፃናት ምግብ ላይም ተጨምሯል፣ የጉበት ዘይቱም አለ። ሁሉንም በትጋት የሰጠች እናት ልጇ ከመጠን በላይ ያገኛል። አንዳንድ ሕፃናት ካልሲየም በደማቸው በዝቶ ታመሙ፤ በ1957 መጠኑ እንዲቀነስ ተደረገ።

ክትባት ግዴታ ነበር?

በተቃራኒው፣ ግዴታው የቀረው ያኔ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የፈንጣጣ ክትባት ከ1853 ጀምሮ ለሕፃናት ግዴታ ነበር፤ በ1948 ግዴታው ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በማሳመን ሆነ።

ማሳመኑም ሠርቷል። የዲፍቴሪያ ክትባት በነፃ በስፋት መሰጠት የጀመረው በ1940 ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ከ46,000 በላይ ሰው ታሞ 2,480 ሞቷል፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። በ1957 የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ። የትክትክ ክትባት በ1950ዎቹ ተጨመረ፣ የኩፍኝ በ1968። የፖሊዮ ክትባት በ1956 ሲጀመር ወጣቶቹ ችላ ብለውት ነበር። በአፕሪል 1959 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተው ጄፍ ሆል በ29 ዓመቱ በፖሊዮ ሲሞት ግን በየክሊኒኩ ሰልፍ ሆነ። ከ1962 ጀምሮ ክትባቱ ስኳር ላይ ተንጠባጥቦ ይሰጥ ነበር፤ ለልጆቹ ከመርፌው በጣም ይሻላል።

በእርግጥ ሁሉም በነፃ ነበር?

አዋላጅ፣ ሄልዝ ቪዚተር፣ ክሊኒክና ክትባት፣ አዎ። ለአራስ የምትመጣው የቤት ረዳት ግን እንደ ቤተሰቡ ገቢ ታስከፍል ነበር። ሥራዋ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብና ትልልቆቹን ልጆች ትምህርት ቤት መላክ ነው። እናት ወይም እህት ቅርብ ለሌላት አራስ ትልቅ ነገር ነበረች። የሕፃናት መዋያም ያስከፍላል። በጦርነቱ ጊዜ ከ1,500 በላይ መዋያዎች ተከፍተው ነበር፤ ሴቶች ለፋብሪካ ስለተፈለጉ ነው። ሰላም ሲሆን የመንግሥት ገንዘቡ ተቀነሰ፣ ብዙዎቹም ተዘጉ። ሥራዋን ለማትተው እናት ይህ ከባድ ነበር።

የጥርስ ሕክምናው በሕግ ነፃ ነበር፤ ግን ሐኪም ጠፋ። በግል ውል የሚሠራ የጥርስ ሐኪም የተሻለ ስለሚከፈለው የካውንስሉን ሥራ ጥሎ ሄደ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፣ በሁለት ሴቶች በኩል። ሲልቪያ ፓንክኸርስትን እኛ የምናውቃት የኢትዮጵያ ወዳጅ አድርገን ነው። ከዚያ በፊት ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ ለንደን የቀድሞ መጠጥ ቤት ወስዳ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ አድርጋው ነበር። በ1930 ደግሞ ሁሉንም እናት የሚሸፍን ብሔራዊ የወሊድ አገልግሎት ይቋቋም ብላ በጽሑፍ ተከራከረች። ይህ በ1948 ከሆነው 18 ዓመት ቀድሞ ነው።

ሁለተኛዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። በስደቱ ዘመን ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ተመረቁ። በ1942 ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመታቸው አረፉ። ሲልቪያ በብሪታንያ ገንዘብ አሰባስባ በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል እንዲሠራ ረዳች፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። እሷም በ1956 አዲስ አበባ ገብታ እስከ ሞተችበት እስከ 1960 ኖረች፤ የተቀበረችውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።

ዛሬ እንግሊዝ የምትወልድ ሐበሻ እናት ቤት የምትመጣው ሄልዝ ቪዚተር ከዚያ የመጣች ናት?

አዎ፣ ያችው ናት። በ1974 የካውንስሎቹ የጤና ሥራ ወደ ኤንኤችኤስ ተዛወረ፤ የጤና ሹም የሚባለውም ሥልጣን ቀረ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ያለው አገልግሎት በጀትና ኃላፊነት ወደ ካውንስል ተመለሰ። ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ትመጣለች። የያኔው የክብደት ካርድ ዛሬ «ቀዩ ደብተር» ሆኗል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀድመው ይጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። ልጅ ልትቀማ የመጣች የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የእሷ ዋና ሥራ ልጁ ማደጉንና እናቲቱ ደህና መሆኗን ማየት ነው።

ያላገባች እናት ምን ይደርስባት ነበር?

የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ይህ ነው። በ1943 የጤና ሚኒስቴር ካውንስሎች ላላገቡ እናቶች ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ጋር ሆነው እንክብካቤ እንዲያዘጋጁ አሳሰበ። በተግባር ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች የተላኩት በአብዛኛው የሃይማኖት ድርጅቶች ወደሚያስተዳድሯቸው የእናትና ሕፃን ቤቶች ነው። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በፊት ስድስት ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላም ስድስት ሳምንት ይቆያሉ። ልጃቸውን አጥብተው፣ አጥበው፣ ከለመዱት በኋላ ለጉዲፈቻ እንዲሰጡ ይገፋፋሉ። «ፈርሜያለሁ፣ ግን ምርጫ አልነበረኝም» የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ።

በ2022 የፓርላማ ኮሚቴ ባወጣው ዘገባ ከ1949 እስከ 1976 ባሉት ዓመታት በእንግሊዝና በዌልስ 185,000 ያህል ያላገቡ እናቶች ልጆች ለጉዲፈቻ ተሰጥተዋል። በ2023 የስኮትላንድና የዌልስ መንግሥታት ይቅርታ ጠይቀዋል። ለባለትዳሯ በሩን እያንኳኳ ወተትና ምክር የሚያመጣ ሥርዓት ለዚህችኛዋ ከልጇ የምትለይበትን መንገድ አመቻቸ። ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ታዲያ የሞቱን ቁጥር የቀነሰው ይህ አገልግሎት ነው?

በከፊል። ቁጥሩ በጣም ወርዷል። በ1900 በእንግሊዝና በዌልስ ከ1,000 ሕፃናት 150 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ1948 ቁጥሩ 34፣ በ1960 ደግሞ 22 ገደማ ሆነ። የእናቶች ሞት በ1930ዎቹ አጋማሽ ከ1,000 ወሊድ ከ4 በላይ ነበር፤ በ1950 ከ1 በታች ወረደ።

ይህን ሁሉ ለክሊኒኩ ብቻ መስጠት አይቻልም። የእናቶችን ሞት በዋናነት የቀነሱት ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአራስነት ትኩሳትን ያሸነፉት የሰልፋ መድኃኒቶች፣ ቀጥሎ ፔኒሲሊን፣ ደም መስጠትና መድማትን የሚያቆመው ኤርጎሜትሪን ናቸው። ለሕፃናቱ ደግሞ የተሻለ ምግብ፣ ሥራ የሞላበት ዘመንና አዳዲስ ቤቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ይሁንና መድኃኒት ብቻውን ቤት አይገባም። ደም የምትፈስ ሴት ያለችበትን አይታ ቡድኑን የምትጠራው አዋላጇ ናት፤ ክብደቱ ያልጨመረውን ልጅ የምታስተውለው ሄልዝ ቪዚተሯ ናት።

ያልተፈታው የሀብት ልዩነቱ ነው። ሁሉም መደብ ዘንድ ሞት ቀነሰ፤ ነገር ግን የጉልበት ሠራተኛ ሕፃን የመሞት ዕድሉ ከባለሙያ ቤተሰብ ልጅ ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሆነ ቀጠለ። የሦስቱ ክንፎች መከፋፈልም አልረዳም። አንዲት ነፍሰ ጡር ለሰፈር ሐኪሙ፣ ለካውንስሉ ክሊኒክና ለሆስፒታሉ ሦስት ቦታ ትታያለች፤ የአንዱ ወረቀት ለሌላው ላይደርስ ይችላል። ካውንስሎቹም እኩል አልነበሩም። አንዱ በቂ አዋላጅና ረዳት ይቀጥራል፣ ጎረቤቱ ሕጉ የሚያስገድደውን ያህል ብቻ ይሠራል። ከ1952 ጀምሮ በእያንዳንዷ እናት ሞት ላይ ስም ሳይጠቀስ ምስጢራዊ ምርመራ ይደረግ ጀመር፤ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሴቶች የጠፉት በእነዚህ ክፍተቶች መካከል እንደሆነ የታየው በዚያ ነው።